ሞተሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ የጀልባውን ሆድ እንይ

ጀልባ ልገዛ ነው የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተር ነው። ስንት ፈረስ (የፈረስ ጉልበት) ይሻላል? ያማሃ ነው ሱዙኪ? ቱ ስትሮክ ነው ፎር ስትሮክ? መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ሞተሩ ይቆይ። ከ10 ፈረስ በታች በሆነ ሞተር ለሚንቀሳቀስ ሰው ወሳኙ ጀልባው ነው፤ ከጀልባውም ወሳኙ ስፋቱና የሆዱ ቅርጽ ነው። ሞተር ነገ ይቀየራል። ጠባብ ጀልባ ግን ዕድሜ ልኩን ጠባብ ነው።

ይሄን ጽሑፍ ያስጻፉኝ ጎረቤቴ ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። መሪ ከጨበጡበት ዘመን ወዲህ የዓሣ ነገር ይዟቸዋል። ቅዳሜ ሲሆን ቆቃ ዳር ቁጭ ብለው መንጠቆ ይጥላሉ። አሁን ግን ዳር መቀመጡ ሰልችቷቸዋል። "አንተ ልጅ፣ ትልቁ ዓሣ እኮ መሀል ነው ያለው" ይሉኛል። ገላን አንድ ግቢ ውስጥ የአልሙኒየም ጀልባ ይሸጣል ሲባል ሰሙና "ና እንየው" ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

ጋሼ ዋና አይችሉም። ክብደታቸውም ቀላል አይደለም። ዓሣ ሲይዝላቸው ደግሞ ተቀምጠው አያውቁም፣ ብድግ ነው የሚሉት። እንግዲህ ጀልባ የምንመርጠው ለእሳቸው ነው።

መጀመሪያ ውሃውን እናስብ። ለእኛ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለአቃቂና ለገላን ሰዎች ቅርቡ የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ። እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጎድጓዳ ሐይቆች ስለሆኑ ዙሪያቸው ያለው ገደል ነፋሱን በመጠኑ ይከልልላቸዋል። ቀጥሎ ቆቃ አለ። አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፣ ግድቡ ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ያመጣው ደለል ስለተኛበት ብዙ ቦታው ጥልቀት የለውም፣ ዳር ዳሩም ጭቃ ነው። ራቅ ካላችሁ ደግሞ ዝዋይ። ዝዋይ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ጠለቀ በተባለበት ቦታ እንኳን 9 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው የሚያነሳው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል፣ ትንሽ ጀልባን የሚያሰቃየውም እሱ ነው። ጠዋት ረጭ ያለ ውሃ ላይ ገብታችሁ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሐይቅ ነው የሚጠብቃችሁ። ገፈርሳና ለገዳዲ ቅርብ ናቸው ለምትሉ፣ እነሱ የምንጠጣቸው ናቸው፣ እርሷቸው።

አሁን ወደ ሆዱ እንምጣ። በገበያ ላይ የምታገኟቸው ትናንሽ የአልሙኒየም ጀልባዎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ አፍንጫውም እንደ ሳጥን የተቆረጠ ነው። ሌላው ሆዱ እንደ ቪ ሾጠጥ ያለ ነው። በመሀል ደግሞ ከፊት ሾል ብሎ ወደ ኋላ እየጠፈጠፈ የሚሄድ አለ።

ቪ ሆድ ያለውን ሰው ሁሉ ይወደዋል። የጀልባ መልክ አለው። ሞገድም ይሰነጥቃል። ግን ሞገድ የሚሰነጥቀው በፍጥነት ሲሄድ ነው። በ5 ፈረስ ሞተር ያ ፍጥነት አይመጣም። ስለዚህ ክብደቱን ትሸከማላችሁ፣ ቆማችሁ ስታጠምዱ መወዛወዙን ትችላላችሁ፣ ጥቅሙን ግን አታገኙም። ጠፍጣፋው ደግሞ ቆሞ ሲውል የረጋ ነው፤ አንድ ሰው ከመሀል ወደ ዳር ቢል ትንሽ ብቻ ዘንበል ይላል። ጥልቀት በሌለው ደለል ላይም እንደልብ ይገባል። ጉዱ ሞገድ ሲመጣ ሆዱን በጥፊ እየተመታ መሄዱ ነው፣ ወገብ ያማል፣ ልብስ ይረጥባል። ሌላም አለ። ጠፍጣፋ ጀልባ እስከ አንድ ልክ ድረስ ንቅንቅ አይልም፣ ልኩን ካለፈ ግን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚገለበጠው። ስለዚህ ጎኑ ከፍ ማለት አለበት። ከ45 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እኔ አልገባበትም። በጣም ከፍ ሲልም ነፋሱ ጎኑን ይዞ ይገፋዋል፣ ትንሽ ሞተር ደግሞ ነፋስ አይታገልም።

ስለ ስፋት አንድ ነገር ልንገራችሁና ልብ በሉልኝ። ጀልባ ወደ ጎን ሲያዘነብል ወደ ቦታው የሚመልሰው ጉልበት ከርዝመቱ ጋር እኩል ነው የሚያድገው። ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱም እጥፍ ነው። ከስፋቱ ጋር ሲሆን ግን ስፋቱ ሦስት ጊዜ በራሱ እየተባዛ ነው የሚገባው። ርዝመቱ ሳይነካ ስፋቱ ብቻ ከ1 ሜትር ከ20 ወደ 1 ሜትር ከ50 ቢያድግ እርጋታው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። 30 ሴንቲ ናት እንግዲህ። ርዝመት የሚያስጎመጀው ሰው ይሄን ቢያውቅ ሜትሩን ወደ ጎን ነበር የሚዘረጋው።

ደግሞ ስፋት ሲባል የቱ ስፋት? የገላኑ ሻጭ "ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 ነው" አለን። እውነቱን ነው፣ ላይ ከከንፈር እስከ ከንፈር ሲለካ 1 ከ50 ነው። ተንበርክኬ ከሥር ወለሉን ስለካው 1 ከ20 ወጣ። ጀልባውን የሚያቆመው ውሃ ውስጥ የሚገባው ስፋት ነው፣ አየር ላይ ያለው አይደለም። ጋሼ ሜትሩን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ደግመው ለኩት። ሻጩን ቀና ብለው አዩትና "ይቺ 30 ሴንቲ የት ሄደች?" አሉት። ሳቀ።

እዚያው ከኋላ ጥግ ላይ በሪቬት የተመታች ትንሽ ሰሌዳ አለች። አሜሪካ ተሠርተው የመጡ ትናንሽ ጀልባዎች ላይ ይሄ አይጠፋም፤ ስንት ሰው፣ ስንት ክብደት፣ እስከ ስንት ፈረስ እንደሚችል ይናገራል። የገላኑ 10 ፈረስ ይላል። ሻጩ ያሰረበት 15 ነው። ሰሌዳው ከተነቀለ እዚያው አገር የሚሠሩበት ቀላል ስሌት አለ፤ ርዝመቱንና ስፋቱን በጫማ (አንድ ጫማ 30 ሴንቲ ገደማ ነው) አባዝታችሁ ለ15 ማካፈል ነው። 12 በ4 ጫማ የሆነ ጀልባ 48 ለ15፣ 3 ሰው። እኔ ከዚያ ላይ አንድ ሰው እቀንሳለሁ። ዓሣ፣ ጄሪካን፣ መልሕቅ፣ ምሳ፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰው ያክላል።

አሁን ሞተር እንበል። እዚህ ላይ የውጭ አገር ምክር አንብባችሁ እንዳትሸወዱ። እነሱ የሚያወሩት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ሳይሉ ነው። የነዳጅ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከአየር ነው፣ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በግርድፉ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል በሉት። ቆቃና ዝዋይ ሁለቱም ወደ 1,600 ሜትር ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ወደ 1,900። ስለዚህ ላዩ ላይ 10 የተጻፈበት ሞተር ቆቃ ላይ 8 ተኩል፣ ባቦጋያ ላይ 8 ቢሆን ነው። በ10ሩ ሁለት ሰው ይዞ ውሃ ላይ ተነስቶ ይንሸራተታል የተባለ ጀልባ እዚህ ሲሞከር አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ጭራውን እየጎተተ ይቀራል። ሞተሩ ተበላሽቷል ብለው መካኒክ የሚቀያይሩ አሉ። ምንም አልሆነም፣ አየር አጥሮት ነው። ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበት ልክ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ብትገጥሙለት እፎይ ይላል። ባለ ካርቡሬተር ከሆነም ነዳጁን እንዲቀንስለት ማስተካከል ያስፈልጋል፣ አለዚያ እየጠገበ ያጨሳል።

መብረር ካማራችሁ ሌላ ነገር ነው። ለማጥመድ ግን መብረር አያስፈልግም። 12 ጫማ ጀልባ ሳይነሳ፣ ውሃውን እየከፈለ የሚሄድበት የተፈጥሮ ልክ በሰዓት 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚያ 4 ወይም 5 ፈረስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጋዝ ብትሰጡት ነዳጅ ነው የምታቃጥሉት። የ5 ፈረስ ፎር ስትሮክ ሞተር 25 ኪሎ ገደማ ነው፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ደረጃ ይወጣል። 10ሩ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ክብደቱ ፎቅ ላይ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ትንሽ ሞተር የሚነዳው ከኋላ ተቀምጦ እጀታውን በመያዝ ነው። ሞተሩ ኋላ፣ ነጂው ኋላ፣ ነዳጁ ኋላ፣ ባትሪውም ካለ ኋላ። ጭራው ይሰምጣል፣ ሞገድ ከኋላ ሲመጣ ዘው ይላል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ነዳጁንና ባትሪውን ወደ ፊት ማሻገር፣ ከዚያ እጀታው ላይ ልኩ የሆነ ፒቪሲ የውሃ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም፣ ነጂው አንድ መቀመጫ ወደ መሀል ይጠጋል። ከባድ ዕቃ ሁሉ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ መቀመጫ ላይ አይደለም። ወለሉ ላይ ውሃ ካለም ቶሎ ቅዱት። ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት። ጀልባው ወዴት እንዳዘነበለ አይታ ወደዚያው ነው የምትሮጠው፣ ተጨማሪ ታዘነብለዋለች።

የሞተሩን እግርም፣ ወደ ውሃው የሚወርደውን ክፍል፣ ለኩ። አጭር እግር የሚባለው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ቁመቱ 15 ኢንች ለሆነ ጀልባ ነው፣ 38 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ረጅሙ ለ20 ኢንች፣ ወደ 51 ሴንቲ። የገላኑ ጀልባ ግድግዳው 38 ሲሆን የታሰረበት ሞተር ረጅም እግር ነው። በ13 ሴንቲ ጠልቆ ውሃውን ያርሳል ማለት ነው። ቆቃ ላይ ደግሞ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ደለሉንም ያርሳል።

ያገለገለ ጀልባ የምታዩ ከሆነ ቀለሙን ተዉት። የኋላው ግድግዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ አለ። በጥፍር ኳኳ አድርጉት፣ ድምፁ ከደነዘዘ በስብሷል። ሞተር ባይኖርበትም አጥብቃችሁ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ከተንቀሳቀሰ ተዉት። ከዚያ ሪቬቶቹ። በሪቬት የተያያዘ ጀልባ ቀላልና ርካሽ ነው፣ በዓመታት ንዝረት ግን ሪቬቱ ይላላል። መሞከሪያው ተገልብጦ የሚሠራ ነው፤ ጀልባውን ውሃ ላይ ሳይሆን ውሃውን ጀልባው ውስጥ። ከሥሩ በደንብ ደግፋችሁ አንድ በርሜል ውሃ፣ 200 ሊትር ብትደፉበት ወለሉ ላይ 5 ሴንቲ ያህል ይቆማል። ከዚያ ሥሩ ገብታችሁ የት የት እንደሚያንጠባጥብ በኖራ ምልክት ማድረግ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር በርሜል ሙሉ ውሃ መሬት ላይ መድፋት ኃጢአት ይመስላል፣ አውቃለሁ፣ እኛም ሻጩን ለምነን ነው። ሁለት ሪቬት አለቀሰ። ሁለት ምንም አይደለም፣ ተመልሶ ይመታል። መደዳውን ካለቀሰ ግን ብረቱ ራሱ ደክሟል።

መቀመጫው ሥር ያለውን ፎምም እዩት። አልሙኒየም ራሱ ይሰምጣል፤ ጀልባ ውሃ ሲሞላው እንዳይወርድ የሚይዘው ፎሙ ነው። ውሃ ጠጥቶ የከበደ ፎም ከሆነ አውጥታችሁ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ክዳኑን አጥብቃችሁ እሰሩበት። አንዱ ወደ 20 ኪሎ ይሸከማል። ሃይላንድ ጠርሙስም ይሠራል፣ ብዙ መሆን አለበት እንጂ።

"ለምን እዚሁ አናሠራም?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ጋሼም ጠይቀውኛል። ከቃሊቲ እስከ ገላን መንገዱ ሁሉ ብረታ ብረት ቤት ነው፣ እጃቸውም ይባረክ። ችግሩ እጅ ሳይሆን ዕቃ ነው። የመስኮትና የበር አልሙኒየም ለጀልባ አይሆንም፣ ስስ ነው፣ በብየዳ ሲነካም አጠገቡ ይልፈሰፈሳል። ለጀልባ የሚሆነው ማግኒዥየም ያለበት፣ 5052 ወይም 5083 የሚባለው ላሜራ ነው፤ ውፍረቱ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር። በያጁም በአርጎን አልሙኒየም የለመደ መሆን አለበት፣ የብረት በር መበየድና ይሄ አይገናኙም። ሁለቱን ካገኛችሁ ግን የፈለጋችሁትን ስፋት ማዘዝ ትችላላችሁ፣ እሱ ትልቅ ነገር ነው። ቡሎኑን ስቴንለስ አድርጉ። መዳብ ያለበት ነገር አጠገቡ አታድርሱ፣ ይበላዋል። የቢሾፍቱና የላንጋኖ ውሃ ሶዳ ስላለበት ከዚያ ስትመለሱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ልማድ ይሁን፣ አልሙኒየም ሶዳ አይወድም።

ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ለምትጠይቁኝ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ቆሞ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ስለተሞላ ባትሪ የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ቀሏል። በጄሪካን ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ማደያ መቆም ደግሞ ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ኤሌክትሪክ ከፍታ አይበግረውም፣ ባቦጋያም ላይ ያው ጉልበቱ ነው። ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው። የመግፋት ጉልበቱ 55 ፓውንድ የሚባለው ባለ 12 ቮልት ሞተር ሙሉ ሲከፈት 50 አምፒር ገደማ ይስባል፤ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው፣ የአሲዱ ባትሪ ደግሞ ግማሹን። ለሆራና ለባቦጋያ እሰየው። ቆቃ ላይ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ግን ባላችሁበት ያቆማችኋል፣ እንቦጩም ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። በየትኛውም ሞተር ቢሆን ጠዋት ስትወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ውጡ፣ ሞተሩ እምቢ ቢል ነፋሱ ራሱ ወደመጣችሁበት ይመልሳችኋል። መቅዘፊያ ይኑር። ላይፍ ጃኬት ይለበስ፣ መቀመጫ አይደለም። ሸምበቆ ዳር ጉማሬ ስላለ በማለዳም ሆነ ሲመሽ አትጠጉ።

ማቆሚያውም ይታሰብበት። 12 ጫማ ጠፍጣፋ ጀልባ 60 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰው አንስቶ ፖርቶመጋላ ላይ ይገለብጠዋል። 14 ጫማ ባለ ቪ ግን 90 ያልፋል፣ ተሳቢ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የምታሳድሩት ከሆነ በወፍራም ሰንሰለት እሰሩት፣ "ቆራሌው!" እያለ የሚያልፈው ልጅ ሲያየው ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ አይቻለሁ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለቆቃ የምመርጠው ከ12 እስከ 14 ጫማ፣ ወለሉ ከ1 ሜትር ከ20 የማያንስ፣ ከፊት ሾል ብሎ ከኋላ የጠፈጠፈ፣ ከ5 እስከ 8 ፈረስ ሞተር ነው። ለዝዋይ 14ቱን ብቻ። የገላኑ ከሥር 1 ከ20 ስለሆነ ለጋሼ ጥግ ላይ ነው፣ ግን ያልፋል፤ ውሃ ላይ አውርደን ከንፈሩን ረግጬ ቆሜበት ጎኑ ላይ አንድ ስንዝር ተኩል ደረቅ ቀርቶታል። ጋሼ ራሳቸው ገብተው ቆመውም አዩት። "ከመኪናዬ ይሻላል" አሉ።

ዋጋው ላይ አልተስማማንም። ሻጩ ጀልባውን ለብቻው አልሸጥም፣ ሞተሩን አብራችሁ ውሰዱ ብሏል። ጋሼ ደግሞ የ15 ፈረስ ረጅም እግር ሞተር ምን እንደሚያደርጉበት አያውቁም። ግድግዳው 51 ሴንቲ የሆነ ጀልባ ያለው ሰው ካለ፣ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።